የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በትምህርት ፍትሐዊነትና በማንነት ላይ የመመረቂያ ጥናት ለሚሠሩ

በዚህ ዕትም የመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ጥናታቸውን በትምህርት ፍትሐዊነትና በማንነት ዙሪያ ለመሥራት የተነሡ ተማሪዎች ለላኩልን ጥያቄዎች መልስ እንሰጣለን። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል። የጠያቂዎቹን ስምና የሚማሩበትን ተቋም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የትምህርት ዕቅድና አመራር የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለሲኒየር ኤሴይ (ለመመረቂያ ጥናቴ) ያስገባሁት ርእስ «የሴቶች ትምህርት ፍትሐዊነት በኢትዮጵያ» የሚል ነበር። አማካሪዬ «ሰፊ ነው፣ አጥብቢው» ብለው መለሱልኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። ርእሱን ለማጥበብ ሦስት ነገሮችን ይወስኑ፦ ማን ከማን ጋር ይነጻጸራል? በምን ይነጻጸራል? የትና መቼ? ሦስቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ካልገቡ ርእሱ ገና አልጠበበም ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በብዙ የወረዳ ከተሞች የሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሏቸው። ዓርብ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሑድ ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ፣ ምግባቸውን ራሳቸው ያበስላሉ። ጥያቄው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በዚህ ትምህርት ቤት ተከራይተው የሚማሩ የ9ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች በአንደኛው መንፈቀ ዓመት ምን ያህል ቀን ከትምህርት ገበታቸው ይቀራሉ? ከቤተሰባቸው ጋር እየኖሩ ከሚማሩት ሴቶች ጋር ሲነጻጸሩስ?» ይህን ጥናት አንድ ተማሪ በራሷ አቅም በአንድ መንፈቀ ዓመት ልትጨርሰው ትችላለች፤ መልሱም ለርእሰ መምህሩ በቀጥታ ይጠቅማል።

መረጃው ከክፍል መቆጣጠሪያው ይገኛል። ከመገልበጥዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ ስም የሚጠራው ማን ነው? የክፍል ኃላፊው መምህር ነው ወይስ የክፍል አለቃ? አለቃው ከሆነ ለጓደኞቹ «አለ» ብሎ የመሙላቱ ዕድል ሰፊ ነው። ሁለተኛ፣ ስም የሚጠራው ጠዋት ብቻ ነው ወይስ በየክፍለ ጊዜው? ከእረፍት በኋላ የምትጠፋ ልጅ በጠዋቱ መቆጣጠሪያ ላይ አትታይም። ሦስተኛ፣ ስማቸው ከተሰረዘ ተማሪዎች መካከል መልቀቂያ ወስደው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወሩትን ከሪከርድ ክፍል ለይተው ያውጡ። የተዛወረችውን ተማሪ ትምህርት እንዳቋረጠች አድርጎ መቁጠር በዚህ ዓይነት ጥናት ላይ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው፤ በፈታኞች ፊት ውጤትዎን ሊያፈርስብዎም ይችላል።

የቀሩበትን ቀን በየወሩ ከፋፍለው ይመዝግቡት። ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ስለሆነ በእነዚህ ወራት የሚታየው መቅረት ከኪራይ ኑሮ ጋር ላይያያዝ ይችላል። የመንፈቀ ዓመቱን ድምር ብቻ ከያዙ ሁለቱን መለየት አይችሉም። የገበያ ቀንንም አይርሱ፤ ገበያው ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞን ለብቻው ይዩት።

ብዙዎች የመግቢያ ምዕራፋቸውን በጾታ ተመጣጣኝነት ኢንዴክስ ስለሚጀምሩ ስለ እሱም ጥቂት እንበል። ኢንዴክሱ የሴቶች የትምህርት ተሳትፎ ምጣኔ ለወንዶች ምጣኔ ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ ከ0.97 እስከ 1.03 ያለው ተመጣጣኝ ተደርጎ ይወሰዳል። በአንድ ትምህርት ቤት ያሉትን 240 ሴቶች ለ300 ወንዶች አካፍሎ «0.80 አገኘሁ» ማለት ግን ኢንዴክሱን ማግኘት አይደለም፤ በአካባቢው በዚያ ዕድሜ ስንት ሴትና ስንት ወንድ እንዳለ አልተቆጠረምና። የሀገር ወይም የክልል ምጣኔ ከትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ የስታቲስቲክስ መጽሔት ሲወስዱም አካፋዩ ከየት እንደመጣ ይጻፉ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ትንበያ ስለሆነ፣ ሰው በብዛት በገባበት ወይም በተፈናቀለበት ወረዳ ምጣኔው ከእውነታው ሊርቅ ይችላል። ኢንዴክሱ 1 ሆነ ማለት ነገሩ ተስተካከለ ማለት እንዳልሆነም ያስታውሱ፤ ወንዶቹም በእኩል መጠን ትምህርታቸውን እያቋረጡ ከሆነ ያው 1 ይሆናል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቱ 800 ተማሪዎች አሉት። ከእነዚህ 40ዎቹ በቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው፤ ከቀሩት ጋር ላነጻጽራቸው እፈልጋለሁ። የናሙናን ብዛት በሚያሰላው በያማኔ ቀመር 267 ናሙና ወጣልኝ። ይበቃል?

መልስ፦ ስሌቱ ልክ ነው፦ 800 በ0.0025 (የ5 በመቶ የስሕተት ወሰን በራሱ ተባዝቶ፣ 0.05 × 0.05) ሲባዛ 2 ይሆናል፣ 1 ሲደመር 3፣ 800 ለ3 ሲካፈል ወደ 267 ይመጣል። ይህ ቀመር የሚያገለግለው ግን ስለ ጠቅላላው ትምህርት ቤት አንድ አሐዝ ለማውጣት ነው። የእርስዎ ጥያቄ 40ዎቹን ከ760ዎቹ ጋር ማነጻጸር ነው። በተመጣጣኝ ዕጣ ቢያወጡ ከ40ዎቹ የሚደርስዎት 13 ያህል ብቻ ይሆናል፤ ከ13 ሰው መልስ ደግሞ ስለ ቡድኑ የሚረባ ንጽጽር ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ 40ዎቹን በሙሉ ይውሰዱ፤ ከቀሩት 760 ደግሞ 227 ያህል በዕጣ ያውጡ። የትምህርት ቤቱን ጠቅላላ አማካይ ሲያወጡ ብቻ ክብደቱን ወደ ቦታው ይመልሱ፦ የእያንዳንዱን ቡድን አማካይ በእውነተኛ ቁጥሩ (በ40 እና በ760) አባዝተው፣ ደምረው ለ800 ያካፍሉ። ይህን ካልሠሩ ትንሹ ቡድን ጠቅላላውን ውጤት ወደ ራሱ ይጎትተዋል።

ጥያቄ፦ ጥናቴ በዩኒቨርሲቲያችን የፍሬሽማን ተማሪዎች ማንነትና በክፍል ውስጥ ያላቸው ተሳትፎ ላይ ነው። በመጠይቁ ላይ «ብሔር» የሚል ጥያቄ ማስገባት አለብኝ፤ ግን እፈራለሁ። እንዴት ልጠይቅ? ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ ይህ ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት የሰው ሕይወት ሊነካ ይችላልና አስቀድመው «ያለዚህ ጥያቄ ጥናቱ ይቆማል?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ማወቅ የሚፈልጉት ልጁ ለምን በክፍል ውስጥ እጁን እንደማያወጣ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተሻለ መረጃ የሚሰጡት ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው፦ ከእናትህ ጋር በምን ቋንቋ ትነጋገራለህ? ማንበብ የጀመርከው በየትኛው ቋንቋ ነው? እስከ ስንተኛ ክፍል በዚያ ቋንቋ ተማርክ? የተማርከው በገጠር ነው ወይስ በከተማ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርን ፈቅዷል። ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩበት ክፍል ግን ከክልል ክልል ሲለያይ ቆይቷል። እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ የተማረና ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ሁለት ተማሪዎች አንድ የፍሬሽማን ክፍል ውስጥ ሲገናኙ፣ ዝምታቸውን የሚያስረዳው የብሔር ስማቸው ሳይሆን ይህ የትምህርት ጉዟቸው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄው ግድ ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። መልሱን የሚጽፈው ራሱ ተማሪው ይሁን። ከስሙ፣ ከአባቱ ስም ወይም ከመጣበት ዞን ተነሥተው እርስዎ አይሙሉለት። ዝርዝር አስቀምጦ «አንዱን ምረጥ» ከማለት «ራስህን የምትገልጽበት ካለ ጻፍ» ብሎ ክፍት ቦታ መተው ይሻላል፤ አባቱና እናቱ ከተለያየ ብሔር የሆኑ ልጅ በዝርዝሩ ፊት ይቸገራል፣ አንዳንዱም ወረቀቱን ትቶት ይወጣል። «መመለስ አልፈልግም» የሚል ምርጫ የግድ ይኑር። ጥያቄው በመጠይቁ መጨረሻ ይሁን። ስቲልና አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ ከፈተና በፊት ዘራቸውን እንዲጽፉ የተደረጉ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ካልተጠየቁት ያነሰ ውጤት እንዳመጡ ዘግበዋል። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች በውጤቱ መጠን ላይ ባይስማሙም ጥያቄውን ወደ መጨረሻ ማውረድ ምንም ጉዳት የለውም።

ወረቀቱን የክፍል ተወካይ እንዲሰበስበው በፍጹም አያድርጉ። መልሱን የሚያነበው የመጀመሪያው ሰው እሱ ይሆናል። እያንዳንዱ ራሱ አጥፎ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይክተት። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የዶርም ቁጥር አይጠየቅ። ውጤቱን ሲጽፉ በሠንጠረዡ አንድ ሳጥን ውስጥ ከ5 በታች ሰው ካለ ቁጥሩን አያውጡ፤ ከሌላ ሳጥን ጋር ያዋሕዱት። «የ1ኛ ዓመት፣ ሴት፣ ከእንዲህ ያለ ብሔር፣ 1» ብሎ መጻፍ ልጅቷን በስም ከመጥራት አይለይም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የብሔር መነሻንና የሃይማኖት እምነትን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች መካከል አስቀምጧል። ዩኒቨርሲቲዎ የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ካለው ፕሮፖዛሉ ያለ እሱ ፈቃድ አይለፍ። ጥሬ ወረቀቱ መቼ እንደሚቃጠል ወይም እንደሚቀደድ በፕሮፖዛሉ ላይ ቀን ቆርጠው ይጻፉ።

ተማሪው ለማንነቱ ያለውን ስሜት መለካት ከፈለጉ፣ የሥነ ልቦና ምሁሯ ጂን ፊኒ ያዘጋጀችውና እ.ኤ.አ. በ2007 አጥሮ የወጣው መለኪያ 6 ዐረፍተ ነገሮች ብቻ አሉት። ሦስቱ ሰው ስለ ቡድኑ ለማወቅ ያደረገውን ጥረት፣ ሦስቱ ደግሞ የባለቤትነት ስሜቱን ይለካሉ፤ መልሱ ባለ 5 ደረጃ ነው። ነገር ግን ከእንግሊዝኛ ቀጥታ ገልብጠው አያድሉ። አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተርጉመው፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው አማርኛውን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉም፤ ከዚያ ሁለቱን እንግሊዝኛዎች ያስተያዩ። ትርጉሙ የተዛባበት ዐረፍተ ነገር ወዲያው ይታያል። ቀጥሎ ከጥናቱ ውጪ በሆኑ 20 ወይም 30 ተማሪዎች ይሞክሩትና የክሮንባህ አልፋውን (ዐረፍተ ነገሮቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየውን አሐዝ) ያውጡ፤ ከ0.70 ካነሰ የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደሚጎትተው ያጣሩ። አሉታዊ ሆኖ የተጻፈን ዐረፍተ ነገር ኮዱን ሳይገለብጡ (5ን 1፣ 4ን 2 ሳያደርጉ) መደመር አልፋን የሚያወርድ የተለመደ ስሕተት ነው።

ተማሪዎቹን በአካል በቡድን ለማወያየት ካሰቡ ከ6 እስከ 8 ሰው፣ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይበቃል። ሴቶችን ለብቻ፣ ወንዶችን ለብቻ ያወያዩ። የተለያየ ቋንቋ ተናጋሪዎችን በግድ አንድ ክብ ውስጥ አስቀምጦ ስለ መገለል መጠየቅ ግን ልጆቹን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ የአንድ ለአንድ ቃለ መጠይቅ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ በአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር አንድ ላይ በሚማሩበት) ላይ ለመሥራት ወደ ሦስት ትምህርት ቤቶች ሄድኩ። ሁሉም «አካል ጉዳተኛ ተማሪ የለንም» አሉኝ። ርእስ ልቀይር?

መልስ፦ አይቀይሩ። ይህ መልስ ራሱ የጥናትዎ መነሻ ነው። ትምህርት ቤቶች የሚመዘግቡት ብዙ ጊዜ በዓይን የሚታየውን ብቻ ነው፦ ክራንች የያዘ፣ ነጭ በትር የያዘ። ሰሌዳው ስለማይታየው ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጠው ልጅ በመዝገቡ ላይ የለም።

በዓለም ዙሪያ ለዚህ የሚሠራበት የዋሽንግተን ግሩፕ (በአካል ጉዳት ስታቲስቲክስ ላይ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ቡድን) አጭር መጠይቅ ነው። ስድስት ጥያቄዎች አሉት፦ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ወይም ደረጃ መውጣት፣ ማስታወስ ወይም ትኩረት ማድረግ፣ ራስን መንከባከብ፣ መግባባት። «ጉዳት» የሚል ቃል በጥያቄው ውስጥ አይገባም፤ የመጠይቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። የሚጠየቀው «መነጽር ብታደርግም እንኳ ለማየት ትቸገራለህ?» ተብሎ ነው። መልሶቹም አራት ናቸው፦ አልቸገርም፣ ትንሽ እቸገራለሁ፣ በጣም እቸገራለሁ፣ ጨርሶ አልችልም። በስድስቱ በአንዱ እንኳ «በጣም እቸገራለሁ» ወይም «ጨርሶ አልችልም» ያለ ሰው ይቆጠራል። «ትንሽ እቸገራለሁ» ያለውን ጨምረው ከቆጠሩ ቁጥሩ በእጅጉ ያብጣል፤ ከሌላ ጥናት ጋርም ማነጻጸር አይቻልም። መልሱን «አዎ» እና «አይ» ብቻ ማድረግም መጠይቁን ያበላሸዋል።

ከ18 ዓመት በታች ላሉት ዩኒሴፍና ዋሽንግተን ግሩፕ ያዘጋጁት ለብቻው የሆነ የልጆች መጠይቅ አለ። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ የሚጠየቀው እናቱ ወይም አሳዳጊው ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት መሄድ ይኖርብዎታልና ጊዜዎን አስቀድመው ያስሉ፤ 60 ቤት ማዳረስ ለአንድ ሰው ቀላል አይደለም። ማንበብ ለማይችል ወላጅ የፈቃድ ወረቀቱን በሚገባው ቋንቋ ያንብቡለትና ምስክር ባለበት በቃል ይስማማ። የልጁንም ፈቃደኝነት ለብቻው ይጠይቁ፤ ወላጅ ፈቅዶ ልጁ እምቢ ካለ ይቀራል።

ከዲፓርትመንት የሚወስዱት የድጋፍ ደብዳቤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ይሁን፤ ጽሕፈት ቤቱ ለርእሰ መምህሩ ይመራዋል። በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት የሄደ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የፈተና ሰሞን ከሆነ ደግሞ ማንም አያስተናግድዎትም።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሜሪላንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የኢትዮጵያ ተወላጅ ተማሪዎች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስላላቸው ውጤት ማጥናት እፈልጋለሁ። የትምህርት ቤቶቹ መረጃ ግን ሁላችንንም «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚል አንድ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠናል።

መልስ፦ ይህ ችግር በቅርቡ የሕግ መፍትሔ አግኝቷል፤ በተግባር ግን ገና ነው። የአሜሪካ መንግሥት የአስተዳደርና የበጀት ቢሮ በማርች 2024 ያሻሻለው የዘር መረጃ አሰባሰብ መመሪያ፣ በጥቁሮች ሳጥን ሥር ዝርዝር ምርጫዎች እንዲኖሩ ያዛል፤ «ኢትዮጵያዊ» የሚለውም ከእነዚህ አንዱ ነው። በመመሪያው ለመሥሪያ ቤቶቹ የተሰጠው ጊዜ ግን 5 ዓመት ነበር። ስለዚህ ለመመረቂያ ጥናትዎ ይደርሳል ብለው አይጠብቁ።

እስከዚያው የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው በየዓመቱ የሚያካሂደውን የማኅበረሰብ ዳሰሳ ይጠቀሙ። በይፋ የሚወጣው የቋንቋ ሠንጠረዥ አማርኛን ከሶማሊኛና ከሌሎች አፍሮ-እስያዊ ቋንቋዎች ጋር ደምሮ ያስቀምጣል፤ ይህን «የአማርኛ ተናጋሪዎች ቁጥር» ብሎ መጥቀስ ስሕተት ነው። ፓምስ የሚባለው የግለሰቦች ጥሬ መረጃ ግን አማርኛን ለብቻው ይለያል፤ የትውልድ ሀገርና የዘር ሐረግ መልስም አለው። ሦስቱን አንድ ላይ ይያዙ። በቋንቋ ብቻ ከቆጠሩ በቤታቸው እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩትን፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ተናጋሪዎችንም ይተዋሉ። በትውልድ ሀገር ብቻ ከቆጠሩ እዚያው የተወለዱት ይቀራሉ። ፓምስ የሚያሳየው ትንሹ አካባቢ ቢያንስ 100,000 ሰው ያለበት ስለሆነ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ምንም አይነግርዎትም።

ስለ ተማሪዎቹ ራሳቸው ለመጠየቅ ሲያስቡ የዕድሜው ጉዳይ ሥራዎን ይወስነዋል። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በመጠይቅ ወይም በቃለ መጠይቅ የሚያሳትፍ ጥናት ከዩኒቨርሲቲው የጥናት ሥነ ምግባር ቦርድ ቀለል ያለ ማለፊያ አያገኝም፤ የትምህርት ቤት ዲስትሪክቱም የራሱን ማመልከቻ ይጠይቃል። የውጤት መዝገባቸውም እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የተማሪዎች መዝገብ ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይሰጥም። ጊዜዎ አንድ ሴሚስተር ከሆነ 18 የሞላቸውንና ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቁትን ስለ ትምህርት ቤት ቆይታቸው መጠየቁ የሚያዋጣ መንገድ ነው። ተሳታፊዎችን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይመልምሉ፤ ከመስጊድ፣ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት፣ ከዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ማኅበር፣ ወደ ሃይማኖት ተቋም ከማይሄዱትም ይፈልጉ። ካልሆነ የአንድ ጉባኤን ሐሳብ የማኅበረሰቡ ሐሳብ አድርገው ይጽፋሉ።

ጥያቄ፦ ከ60 ሴቶች 30ዎቹ፣ ከ60 ወንዶች 36ቱ አልፈዋል። ካይ-ስኩዌር (የሁለት ቡድኖችን ምጣኔ የሚያነጻጽር ስታቲስቲካዊ ፈተና) ሠርቼ ፒ-ቫልዩው ከ0.05 በላይ ሆነ። «በጾታ መካከል ልዩነት የለም» ብዬ ልደምድም?

መልስ፦ አይደምድሙ። ልዩነቱ 10 መቶኛ ነጥብ ነው፤ ሴቶች 50 በመቶ፣ ወንዶች 60 በመቶ። ፒ-ቫልዩው፣ ማለትም እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ ይህን ያህል ወይም የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል፣ 0.27 ገደማ ይሆናል። በዚህ ናሙና 95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉን (እውነተኛው ልዩነት ሊገኝበት የሚችለውን ወሰን) ቢያሰሉት ልዩነቱ ወንዶች በ28 ነጥብ ከሚበልጡበት ጀምሮ ሴቶች በ8 ነጥብ እስከሚበልጡበት ድረስ ይዘረጋል። መረጃው ትልቅ ልዩነትንም፣ አለመኖሩንም ሊደግፍ ይችላል ማለት ነው። በ120 ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ይህን ያህል ነው መናገር የሚችለው። «ልዩነት የለም» ብለው ቢጽፉ፣ የሚያነበው ርእሰ መምህር ለሴቶች የተያዘውን የማጠናከሪያ ትምህርት ሊሰርዝ ይችላል። በውጤት ምዕራፉ ላይ ሁለቱን መቶኛዎች፣ ልዩነቱን፣ የመተማመኛ ክልሉንና የናሙናውን ብዛት ያስቀምጡ፤ ከሥሩ «በዚህ ናሙና ልዩነት መኖር አለመኖሩን መለየት አልተቻለም» ብለው ይጻፉ።